የእማዬ ቀኝ እጅ

ሰላጣ ላይ አቼቶ ሲፈስ ቁጭ ብዬ መብላት አልችልም። ወንበሬን ገፋ አድርጌ እነሳለሁ፣ የተዘጋ መስኮት እከፍታለሁ፣ ገና ተበልቶ ያላለቀ ሳህን ላንሳ እላለሁ። ቤተሰቡ ለምዶኛል፤ «ደግሞ ተነሳባት» ይሉና ምሳቸውን ይበላሉ። ሽታውን ጠልቼው አይደለም። አፍንጫዬ ሲገባ ቀይ አምፖል የሚበራባት ጠባብ ክፍል ትመጣብኛለች፤ በሯ ተዘግቶ፣ እኔ ውጭ በአንድ እግሬ ቆሜ «እማዬ፣ አሁንስ ልግባ?» እያልኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ዓመት ከጥር እስከ ፋሲካ ከዚያ በር ላይ የነቀለኝ አልነበረም።

ፎቶ ቤታችን መርካቶ፣ ከበርበሬ በረንዳ ወደ ጎጃም በረንዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ከጀርባው ሁለት ክፍል መኖሪያችን፣ ቀጥሎ ከጎረቤት ጋር የምንጋራው ግቢ። ለፎቶ ቤት እንዲህ ያለ ክፉ ቦታ የመረጠው አባዬ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር የበርበሬ ብናኝ ይዞ ይገባል። ደንበኛው ከረባቱን አስተካክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ጃንሆይ ሥር ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አባዬ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ «እንዳይነቃነቁ» ሲል ሰውየው ያነጥሳል። አባዬ ጨርቁ ውስጥ እንዳለ «ይማርዎት» ይልና ካሜራውን እንደገና ያጎርሳል። እንባው እየወረደ የተነሳም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ፎቶ አገር ቤት ሲደርስ ዘመድ «ልጃችን ምን ሆኖ ነው?» እያለ ይጨነቅ ነበር አሉ።

አባዬ ፊት ለፊት ያነሳል፤ እማዬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ታጥባለች። ፎቶ ማጠብ ሲሉ ስሰማ እንደ ልብስ ማጠብ ይመስለኝና ግራ ይገባኝ ነበር። ልብስ የሚታጠበው ሊነጣ ነው፤ ወረቀቱ ግን ነጭ ሆኖ ይገባና ጠቁሮ ይወጣል። ታዲያ ይሄ ማቆሸሽ እንጂ ማጠብ ነው? ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ።

ክፍሏ ውስጥ ሦስት ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ምስሉን የሚያወጣው ነው፤ ዴቨሎፐር ይሉታል። ሁለተኛው አቼቶ የተጨመረበት ውሃ ነው፤ ምስሉ ከሚገባው በላይ እንዳይጠቁር ያቆመዋል። ሦስተኛው ሃይፖ ነው፤ ምስሉ ብርሃን ሲያይ እንዳይጠፋ ያጸናዋል። እማዬ በግራ እጇ ሳህኑን ወዝወዝ እያደረገች በቀኟ ወረቀቱን ትነክራለች፣ ትገለብጣለች፣ ታወጣለች። አባዬ ነው እንዲህ ያስተማራት። እሱም ፒያሳ ከሚሠራ አንድ አርመን ነው የተማረው፤ አርመኑ ያላለውን ነገር አያደርግም። ምስሉ አንድ ቦታ ላይ አልወጣ ካለ በጣት እሽት፤ የጣት ሙቀት ያወጣዋል። ታጥቦ ያለቀ ፎቶ ሃይፖው መልቀቁ የሚታወቀው ደግሞ በምላስ ነው። አባዬ የፎቶውን ጠርዝ በምላሱ ጫፍ ነካ ያደርግና «ገና ይጣፍጣል፤ ውሃ ቀይሪለት» ይላል።

መደርደሪያው አናት ላይ፣ በቁልፍ የተዘጋች ሣጥን ውስጥ፣ የራስ ቅል የተሣለባት ጠርሙስ ነበረች። «ይህን የነካ ይህን ይመስላል» አለኝ አባዬ አንድ ቀን ከፍቶ እያሳየኝ። እኔ ሥዕሉን የሆነ ደንበኛ ፎቶ ነው ብዬ ያዝኩት፤ ጠርሙሷን የነካ አንድ ምስኪን ሰውዬ፣ አባዬ ለሰው መማሪያ እንዲሆን አንስቶ የለጠፈው። ከዚያ በኋላ ጥርሱ ገጠጥ ያለ ደንበኛ ሲገባ እጁን አየው ነበር። ጉዳት የመጣብን ግን ከዚያች ጠርሙስ አይደለም። የዴቨሎፐሩ ዱቄት ከሚቀመጥበት፣ ምንም ሥዕል ከሌለው፣ ማንም ካልፈራው ቆርቆሮ ነው።

እማዬ ቀትር ላይ ከጨለማ ክፍል ስትወጣ እጇን ተጣጥባ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኔ ትሰጠኛለች። ብትታጠብም ጣቶቿ አቼቶ አቼቶ ይላሉ። እኔ ያን ሽታ የእናት ሽታ ነበር የማውቀው፤ የጓደኞቼ እናቶች ያ ሽታ የሌላቸው እናትነታቸው ስለጎደለ ይመስለኝ ነበር።

ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ሆነ። ሙሽሮች ከበር ውጭ ተሰልፈው ይጠብቁ ጀመር፤ እማዬም ከክፍሏ የምትወጣበት ጊዜ ጠፋ። የእጇ ነገር የተጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ያሳክካት ነበር፤ እያወራች ጣቶቿን በቀሚሷ ትፈትጋለች። ቀጥሎ ቀሉ፤ ከዚያ ጫፋቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጠቀ። ሌሊት ቫዝሊን ቀብታ በጨርቅ ጠቅልላ ታድራለች፤ ጠዋት ፈትታ ተመልሳ ትገባለች።

በዚያው ሰሞን እኔም የአባዬን ሙያ ልሞክር ብዬ ከውሃው ውስጥ አንድ ሙሽራ አወጣሁና ላስኳት። እውነትም ትጣፍጣለች፤ ደስ የማይል ጥፍጥና። እማዬ ደርሳ እጄን በጥፊ መታችኝ፤ እስኪያንቀኝ ድረስ አፌን በውሃ አጉመጠመጠችኝ። አባዬን ግን ምንም አላለችውም። ይህን በልቤ ያዝኩባት።

በማግስቱ የማርያም ማኅበር ነበር። አዘጋጇ እትዬ አስካለ ናት፤ በርበሬ በረንዳ ትልቅ መደብ ያላት፣ ግቢ የምንጋራት ጎረቤታችን። ድምፅዋ ወፍራም፣ እጇ ሁልጊዜ ቀይ። ልጅ ሆኖ በእትዬ አስካለ እጅ ፊቱን የታጠበ ያውቀዋል፤ እስከ ማታ ሲያለቅስ ይውላል። እሷ እጅ ላይ በርበሬ አለ ብሎ ጉርሻዋን የመለሰ ሰው ግን አላየሁም። ሴቶቹ ሞሰቡን ከበው ሲጎራረሱ እማዬም አንዱን አሳምራ ጠቀለለችና ወደ አዘጋጇ ዘረጋች።

«በሞቴ፣ እትዬ አስካለ።»

እትዬ አስካለ ጉርሻውን አይደለም ያየችው፤ ጣቶቹን ነው። የተሰነጣጠቁትን፣ ጥፍራቸው እንደ ትምባሆ ጠጪ የጠየመውን።

«ጠግቤአለሁ፣ በላይነሽ።»

«እቺን ብቻ።»

«አልችልም። ተይኝ ስልሽ።»

ወሬው ቆመ። የእማዬ እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ታጠፈና ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ለማኘክ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ለሰው የተዘረጋ ጉርሻ ወደ ባለቤቱ አፍ ሲመለስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እማዬ እኔንም ማጉረስ ተወች። ከሁላችን ኋላ፣ ብቻዋን፣ ከራሷ ሳህን ትበላለች። አጠገቧ ሄጄ አፌን ብከፍት «በእጅሽ ብዪ፤ ትልቅ ልጅ ነሽ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ምክንያቱን በሚገባ የማውቅ መሰለኝ። ሙሽራዋን ስለላስኩ ነው። ቂም ይዛብኛለች። ይቅርታ እንዳልጠይቅ እልህ ያዘኝ፤ እንዳልተወው ጉርሻው ናፈቀኝ። እቤት ስገባ ስወጣ፣ ስቀመጥ ስነሳ፣ ይኸው ዛሬም ያልለቀቀኝ መቅበጥበጥ ያኔ ባሰብኝ።

በእኛና በእትዬ አስካለ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። አንድ ማታ አባዬን አስጠርታ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ስትሞክር ሰማኋት።

«ታደሰ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ክፉው በሽታ እንዳይሆን። አገሬ አይቻለሁ። ከጣት ነው የሚጀምረው።»

«ኧረ ማርያምን አይበሉ።»

«እኔ ብዬ ላደርገው ነው? ሰው ማውራት ጀምሯል። ጾሙ ሲገባ ጠበል ትውሰድ። ስንቋን እኔ አዘጋጃለሁ።»

ክፉው በሽታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጣት በሌለው እጅ ጣሳ የሚዘረጉትን አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ውሃ ልትደፋ ስትወጣ ሳህኖቹ ውስጥ አጮልቄ አያለሁ፤ ጣት ወድቆ እንደሆነ ብዬ።

ዓቢይ ጾም በገባ ሳምንት እማዬ ወደ እንጦጦ ጠበል ሄደች። እትዬ አስካለ ቃሏን ጠብቃ በሶና ቆሎ ቋጠረችላት፤ ልትሸኛትም መጣች። ቀኝ እጇን ግን ለስንብት አልያዘችም፤ ትከሻዋን ነው የያዘችው።

አባዬ የፊት ለፊቱን በር ግማሽ ቀን እየዘጋ ጨለማ ክፍል ይገባ ጀመር። «ነይ ግቢ፤ ውጭ ሆነሽ ከምትነዘንዢኝ» አለኝ። እንደዚያ ስለምንበት የኖርኩት በር ተከፈተ። ገባሁ። ጠባብ፣ የሚቆጠቁጥ ሽታ ያለበት ክፍል ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። እማዬ ካልቆመችበት ለምን እንደጓጓሁለት ጠፋኝ። አባዬ በአስር ጣቶቹ ሳህኑ ውስጥ እንደ ልቡ ይዋኛል፤ እጁ ግን ሽብሽብ እንኳን አላለም። ትንሽ ቆይቼ ሽንቴ መጣ ብዬ ወጣሁ።

እማዬ ስትመለስ ጣቶቿ እንደ ሕፃን ጣት ለስልሰው ነበር። እትዬ አስካለ ግቢ መሀል እልል አለች፤ እጆቿን ይዛ አገላብጣ ሳመቻቸው። እኔም አፌን ከፍቼ ፊቷ ቆምኩ። እማዬ ሳቀች።

«ለፋሲካ» አለችኝ። «ለፋሲካ የመጀመሪያው ያንቺ ነው።»

ለፋሲካ ሁሉም ሰው በአዲስ ልብስ መነሳት ይፈልጋል፤ አገር ቤት የሚላክ ፎቶም የሚታዘዘው በዚያ ሰሞን ነው። ሥራው ተከምሮ ጠበቃት። ገባች። ብዙም ሳይቆይ ቀኝ እጇ ቀላ፤ ሆሳዕና ሊደርስ ሲል ከበፊቱ ብሶ ተሰነጣጠቀ፤ ደም ያዝ አደረገው። የሳመቻቸውን ጣቶች እትዬ አስካለ ስታይ በነጠላዋ አፏን ያዘች። «የሸሸ መንፈስ ሲመለስ ሰባት ሆኖ ነው የሚመለሰው» ስትል በግድግዳው ሰማሁ። አባዬም ልቡ ተሸነፈ። ለእማዬ ወንድም ጎጃም መልእክት ሊላክ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ይወስዳታል፤ እዚያው ገዳም አጠገብ ትቀመጣለች፤ ልጅቷ ግን ከአባቷ ጋር ትቀራለች። ልጅቷ ማለት እኔ ነኝ። ጆሮዬን ከግድግዳው አላቀቅኩ።

ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት። ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ሳላንኳኳ በሩን በረገድኩት፤ ሳህን ላይ የነበረው ፎቶ ሁሉ ጥቁር ሆነ። አልተቆጣችኝም። ያልኳትን ሰማች፤ እጇን እያየች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ሄዳ እትዬ አስካለን ጠራቻትና ሁለቱንም፣ እሷንና አባዬን፣ ባንኮኒው ጋ አቆመቻቸው። ሁለት እጆቿን እንጨቱ ላይ ዘረጋች።

«እዩ። ግራዬ ምን ሆነ?»

አባዬ አየ። «ምንም።»

«ጠበል የተጠመቅኩት በሁለቱም ነው። ግራዬ ግን ከመጀመሪያውም አልታመመ። ሳህን ውስጥ የምነክረው ቀኜን ነው፤ ግራዬ ከውጭ ሆኖ ይወዘውዛል። ክፉው በሽታ ቀኝና ግራ ይለያል እንዴ?»

«ውሃው ነው እያልሽ ነው? እኔ ስንት ዓመት ነከርኩበት፤ ምን ሆንኩ?»

«አንተን ወዶሃል። እኔን ጠልቶኛል።»

«ጠበሉስ፣ በላይነሽ?» አለች እትዬ አስካለ። «ጠበሉ አልነበረም ያዳነሽ?»

«ነው እንጂ። ከሳህኑ አርቆ አዳነኝ።»

አባዬ ሊመልስ አፉን ከፈተ። እትዬ አስካለ ግን እጇን አነሳችና አስቆመችው። የራሷን ቀይ መዳፎች ገልብጣ እያየች ነበር።

«የልጄ ሚስት እንዲህ ናት» አለች ቀስ ብላ። «በርበሬ ስንቀነጥስ እኔን ምንም አይለኝ። እሷ ቅቤ ሳትቀባ ከነካች እጇ ይላጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራው ታድራለች። እሷን ክፉ በሽታ ያዘሽ አላልኳትም። ቅቤ ተቀቢ ነው ያልኳት።» እማዬን ቀና ብላ አላየቻትም። «አንቺን ግን...»

ወጥታ ሄደች፤ ትንሽ ቆይታ በጾም መሀል በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዛ ተመለሰች።

ቅቤው እጇን ጠበቀላት፤ ፎቶውን ግን አበላሸው። የቅባት ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ዴቨሎፐሩ አይዝም። አንድ የመቶ አለቃ ለፋሲካ የተነሳው ፎቶ ጉንጩ ላይ የእማዬ አውራ ጣት የሚያህል ነጭ ጉድጓድ ይዞ ወጣ። አባዬ ፎቶውን ወደ ብርሃን ወስዶ ብዙ አየው። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። «ሰውየው በሰላሙ ቀን ቆሰለ» አለና ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ምን አለሽ ተራ ሄዶ ኖሯል። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ያበጀለትን መቆንጠጫ ይዞ መጣ፤ ውሃው ውስጥ ሲገባ ዛገና ወረቀቱን ቡናማ ቀለም ቀባው። በማግስቱ ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ጫፉን በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቅልሎ፣ ለየሳህኑ አንድ አንድ ሠራላት። አርመኑ ቢያየው ምን ይል ነበር እያለ ሲያጉረመርም ዋለ፤ ግን ሠራው። እማዬም ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሏን በሕግ ያዘችው። ዱቄቱ ሲመዘን እንደ በርበሬ ወቃጭ አፍና አፍንጫ በነጠላ ይሸፈናል። ምግብ በዚያ በር አያልፍም። የአንዱ ሳህን መቆንጠጫ ሌላው ውስጥ አይገባም። ቆርቆሮውም ሥዕል ባይኖረውም ከራስ ቅሉ ጋር ሣጥን ውስጥ ተቆለፈ። አባዬ በልማዱ የፎቶ ጠርዝ ወደ ምላሱ ሲያስጠጋ «ምላስህን ወደ ቤቱ መልስ» አለችው። «ውሃውን ደጋግመን እንቀይራለን፤ እንጠብቃለን። ሌላ ቅምሻ የለም።» አባዬ ምላሱን ወደ ቤቱ መለሰ። ለጎጃም ሊላክ የነበረው መልእክት ከዚያ ወዲያ አልተነሳም፤ ግን ቀርቷል ያለኝም የለም። እስከ ፋሲካ ድረስ ጭነት መኪና በጎጃም በረንዳ በኩል በገባ ቁጥር አጎቴ መጣ ብዬ በር ላይ እወጣ ነበር።

ፋሲካ ጠዋት ቤታችን ሰው ሞላ። ግቢው በሙሉ መጥቷል፤ ከፊሉ እንኳን አደረሳችሁ ሊል፣ ከፊሉ የእማዬን እጅ ሊያይ። እጇ ሙሉ በሙሉ አልዳነም ነበር። ስንጥቁ ገጥሟል፤ ጠባሳው ግን ይታያል፤ ጥፍሮቿም እንደጠየሙ ናቸው። ዶሮው ቀረበ። እማዬ ለሁሉም አቀረበችና እንደለመደችው ራቅ ብላ ልትቀመጥ ስትል እትዬ አስካለ ቀሚሷን ሰብስባ ሰው ገፍታ አጠገቧ ዱብ አለች። አፏን ከፈተች።

ወሬው እንደዚያ ቀን ቆመ። እማዬ አላመነቻትም መሰለኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች እትዬ አስካለ። «አፌ ደከመኝ።»

እማዬ ውሃ አስፈሰሰችኝ። በሳሙና ታጠበች፤ «ድገሚልኝ» አለች፤ ደገምኩላት። ከዚያ በዚያችው በቀኝ እጇ ጠቀለለችና አጎረሰቻት። እትዬ አስካለ አኝካ ዋጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ በበርበሬው እንዳይባል በርበሬውን የሸጠችልን እሷ ናት። እማዬ እጇን ልትሰበስብ ስትል ክንዷን ያዘቻት።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰማሽም? አጣልቶናል እኮ። ሁለተኛዋን አምጪ።»

ሁለተኛውን ሰጠቻት። ሰው ሁሉ አንድ ላይ ማውራት ጀመረ፤ ማነው የሳቀው፣ ማነው ያለቀሰው አላውቅም፤ አባዬ የሌለ ፀጉር ከኮቱ ላይ ሲያነሳ አስታውሳለሁ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። የመጀመሪያው የኔ ነው ተብዬ ሁለቱም ለሰው ተሰጡ። ቂሟ አልወጣላትም ማለት ነው። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ሙሽራዋን ስለላስኩ ነው አይደል?» አልኳት። «ስለሱ ነው የማታጎርሺኝ?»

እማዬ ዞራ አየችኝ። ጥቂት አሰበች።

«የቷን ሙሽራ?» አለች።

ረስታዋለች። ከጥር ጀምሮ በልቤ ተሸክሜው የኖርኩት ነገር እሷ ዘንድ ኖሮም አያውቅም። የምለው ሲጠፋኝ ፊቴን በግራ እጇ ያዘችና በቀኟ ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተች፤ ሁለት ጊዜ ታጥባም ጣቶቿ አቼቶ አቼቶ ይላሉ። ስለ ጎጃሙ መልእክትም ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ አፌ ግን ሞልቷል። ቁጭ ብዬ አኘክሁ።